መሄጃ ብቻ

የሺአረግን የጠየቃት ሰው የለም። ይኼ ከመጀመሪያው ይታወቅ።

ፓስፖርት ሲወጣላት አልተጠየቀችም፤ «ፎቶ ተነሺ» ተባለች፣ ተነሣች። አሻራ ስትሰጥም አልተጠየቀችም። ጣቷን ይዘው መስታወቱ ላይ አስደገፉት፤ ዕድሜውን በሙሉ ሳሙናና በረኪና የበላው ጣት አሻራው አልታይ ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ማሽኑ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ታዲያ ወደ እሷ አልዞረችም። አብራት ወደመጣችው ጎረቤቷ ወደ ዘሃራ ዞራ «እናትየው እጃቸውን ይጥረጉ በያቸው» አለች። እናትየው! እዚያው አፍንጫዋ ሥር ተቀምጣ!

ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብቃውም አታውቅም። ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጆሮ የሌለው ይመስል ሁሉም በአናቷ ላይ ያወራል። የሺአረግ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ሃያ ስምንት ዓመት አንሶላ አጥባለች። አንሶላውን አንሥታ ማን በሰላም እንዳደረ፣ ማን ሲያለቅስ እንደነጋበት፣ ማን ታሞ ሲገላበጥ እንዳደረ ትናገር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ዲግሪ ነበረው፤ ከዚህ አንዱንም አያውቅም።

እንደ ሰው የሚጠይቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ገብረየስ ነው።

የተዋወቁት በጀሪካን ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ ውሃ ፎቅ ድረስ የወጣበትን ቀን በጣቷ ትቆጥረዋለች፤ ሰዉ ጊቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ በተራ ይቀዳል። የሺአረግ የቢጫ ጀሪካኗ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራለች፣ ከሌላው እንዲለይ። አንድ ቀን አንድ ሸበቶ ሰውዬ ክሩንም ጀሪካኑንም አንጠልጥሎ ሲሄድ ደረሰችበት።

«አንተ ሰውዬ! የሰው ዕቃ ይዘህ ወዴት ነው?»

ሰውየው ዞር አለ። ጀሪካኑን አየ፣ እሷን አየ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ መነፅሬን ቤት ትቼው ነው።»

«ይኼን የሚያህል ቀይ ክር ለማየት መነፅር?»

«ምን ላድርግ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ትኬት ስቆርጥ ዓይኔ አለቀ።»

የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት አልፏል። የበደለውን ለመካስ ጀሪካኗን እሷ ወዳለችበት አራተኛ ፎቅ ሊያወጣላት ተነሣ፣ እሷም ከኋላው ግድግዳ እየደገፈች ወጣች። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ የእሱ ትንፋሽ አለቀ፣ የእሷ ጉልበት ከዳት። ሁለቱም ቆሙ። ያን ጊዜ ገብረየስ ድምፁን እንደ ድሮው ከአውቶቡሱ ኋላ አወጣውና «ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ።

የሺአረግ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «የለም፣ ንዳው!» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ውሃ በመጣ ቁጥር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆማሉ። «ወራጅ አለ?» ይላል፤ «ንዳው!» ትላለች። አንዳንድ ቀን ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፤ እሱ እጇን ያያል፣ እሷ ማየቱን አይታ እጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ታወጣዋለች።

የመብራት ሒሳብም ቢሆን፣ የቀበሌ ማስታወቂያም ቢሆን የሚያነብላት እሱ ነው። ሌላው ሰው ወረቀት ሲያነብላት «ይኼ ነው፣ በቃ» ብሎ ይመልስላታል። ገብረየስ ግን እስከ መጨረሻው መስመር ያነብና መነፅሩን አውልቆ፣ «እርስዎ ምን ይላሉ?» ይላታል።

እርስዎ ምን ይላሉ! የሺአረግ ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳ ይህችን ቃል ከአፉ ሰምታት አታውቅም። ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም ቢሆን አዛዥ ነበር።

*

ሀይሚ የደወለችው ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሀይሚ የየሺአረግ አንድ ልጇ ናት፤ ቆጵሮስ ከሄደች ሰባት ዓመቷ። ቆጵሮስን የሺአረግ የምታውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሐዋርያት በመርከብ የሄዱባት አገር። ልጇ ግን እዚያ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። እናት ያጠበችውን ልጅ ታነጥፋለች፤ ዕጣ ነው። አግብታ አንድ ወንድ ልጅ ወልዳለች።

«እማዬ፣ ልትመጪ ነው! ሁሉንም ጨርሻለሁ፤ ለጉብኝት ብለን ቪዛ እናስገባለን፣ ወረቀቱን ዘሃራ ታስተካክልልሻለች።»

«ለስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት ወር ነው። እስከ መስቀል ትመለሻለሽ። የልጅ ልጅሽን አታዪውም እንዴ?»

ልጁን ማየትማ ማን ይጠላል! በስልክ ላይ ድዱን ሲያሳያት ስልኩን ትስመዋለች። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ «ቆይ እማዬ፣ ይደርሳል» ስትል የኖረች ልጅ ባንድ ጊዜ ምን እንዳጣደፋት ግራ ገባት። ዘሃራን ብትጠይቃት፣ ዘሃራ ዓይኗን ወደ ማተሚያ ማሽኑ አዞረች።

ዘሃራ ሕንጻው ሥር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የጊቢው ሰው ሁሉ ወረቀት በእሷ እጅ ያልፋል፤ ወሬውም እንደዚያው። ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን ወረቀት መቁጠር ያዘች።

ቪዛው መጣ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ትኬቱም መጣ፤ ዘሃራ አትማ ሰጠቻት። የሺአረግ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ገብረየስን ጠበቀች።

መነፅሩን አደረገ። «ከአዲስ አበባ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ ሃያ ሁለት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል። አንድ ቦታ ወርደው ይቀይራሉ...» አለና ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ነጭ ነው። መልሶ ገለበጠው።

«ምነው?»

«መሄጃ ብቻ ነው።»

«መመለሻው ሌላ ወረቀት ላይ ይሆናላ።»

«የለም። ደርሶ መልስ ቢሆን እዚሁ ይጻፍ ነበር።»

«የእናንተስ አውቶቡስ ትኬት መመለሻ ነበረው እንዴ?»

«አልነበረውም» አለ ገብረየስ ቀስ ብሎ። «ግን አውቶቡሱ ራሱ ይመለስ ነበር።»

የሺአረግ ጠበቀች። አሁን መነፅሩን ያወልቃል። አወለቀ። አሁን ይጠይቀኛል አለች በልቧ። እሱ ግን መነፅሩን በሸሚዙ ጠረገ፣ ያልቆሸሸውን መነፅር ደጋግሞ ጠረገ፣ ከዚያም ወረቀቱን አጣጥፎ እጇ ላይ አኖረላት።

«መልካም መንገድ ይሁንልዎ፣ ወይዘሮ የሺአረግ።»

ይኸው ነው? ሁለት ዓመት ስለ ቆሻሻ ክፍያና ስለ ጣሪያ ፍሳሽ «ምን ይላሉ» ሲላት የከረመ ሰው፣ የሕይወቷ ነገር ሲመጣ አፉ ተዘጋ? ተነሥታ ቀሪዎቹን ሁለት ፎቆች ሳታርፍ ወጣች። በሯን ዘግታ ብቻዋን ሰደበችው። ስድቡም ሲያልቅባት አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ሰውነቷ ሁሉ የተጨመቀ አንሶላ መሰላት።

ማታ ሀይሚን በስልክ ጠየቀቻት። «መመለሻው የታለ?»

«እማዬ፣ እሱ በኋላ ይቆረጣል። አንቺ ዝም ብለሽ ነይ። ደክሞኛል እኮ፣ ሌሊት ልጅ፣ ቀን ሥራ...» ድምፏ ተሰበረ። የሺአረግም ነገሩን ተወችው። ድካሙን ታውቀዋለች፤ ራሷ ያለፈችበት ነው።

ሰኔ ገባ፣ ዝናብ ጀመረ። ውሃም ሲመጣ ገብረየስ ጀሪካኗን እንደ ወትሮው ያወጣላታል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ያርፋል፤ ግን «ወራጅ አለ?» አይልም። እሷም «ንዳው» የምትለው አጣች። ደረጃው ያን ጊዜ ነው ደረጃ የሆነባት።

በመሄጃዋ ዋዜማ ባለ ቀይ ክሩን ጀሪካን ይዛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደች።

«ይህን ይያዙልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ትኬቱን ያነበቡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ምኑን አውቄ!»

ጀሪካኑን ተቀበላት። ክሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የሆነ ነገር ሊናገር ከንፈሩን ከፈተ፤ እሷም ቆማ ቆማ ከንፈሩ መልሶ ሲገጠም አይታ ወጣች።

*

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም በታክሲ ሄዱ፤ እሷ፣ ዘሃራና ገብረየስ። ከአራብሳ እስከ ጎሮ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከጎሮ እስከ ቦሌ መኪና እንደ ምሥጥ ነው። ዘሃራ ከፊት ተቀምጣ ስለ ሻንጣ ኪሎ ትለፈልፋለች። ከኋላ ያሉት ሁለቱ በየመስኮታቸው ያያሉ።

አየር ማረፊያው በር ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። «ሸኚ እዚህ ድረስ ነው።»

ዘሃራ አቀፈቻትና አለቀሰች። «እትዬ የሺ፣ አውፍ በይኝ» አለች፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። ገብረየስ ሻንጣውን ጋሪው ላይ አስቀመጠ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ የጠበቀውን መልሶ አጠበቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«በሰላም ግቢ» አለ።

ይግቡ አላለም። ግቢ አለ። ራሱም ደንግጦ ወደ ጫማው አየ። የሺአረግ ግን ያቺን አንዲት ቃል ይዛ ገባች፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረቻት ያህል አጥብቃ ይዛት ገባች።

ሰልፉ ረጅም ነው። ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል። ተራዋ ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች።

«እማማ፣ መመለሻ ትኬትዎስ?»

«በኋላ ይቆረጣል ብለውኛል።»

«ቪዛዎ የጉብኝት ነው። እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ አለዎት?»

«ከየት አምጥቼ!»

«እንግዲያው በመሄጃ ብቻ ላሳፍርዎ አልችልም፤ እዚያ ሲደርሱ ሊመልሱዎት ይችላሉ። የሚያናግርልዎ ሰው አለ?»

የሚያናግርልዎ! የሺአረግ ጥርሷን ነክሳ ለሀይሚ ደወለች። ልጅቷ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«አሁኑኑ መመለሻ እገዛለሁ!» አለች ሀይሚ እየቸኮለች። ከኋላዋ ሕፃኑ ያለቅሳል። «አምስት ደቂቃ ስጡኝ። እማዬ፣ እዚህ ስትደርሺ መቼ ትመለሻለሽ ካሉሽ መስቀል በይ። ከገባሽ በኋላ እሰርዘዋለሁ፣ ከዚያ የመኖሪያ ወረቀትሽን እናስገባለን።»

የባንኮኒዋ ልጅ ያልሰማች መስላ ወደ ኮምፒውተሯ አየች።

«ቆይ» አለች የሺአረግ። «መስቀል ልበልና መስቀል ላይ አልመለስም?»

«እማዬ...»

«መልሺልኝ። እመለሳለሁ ወይስ አልመለስም?»

«ምን አለሽና ትመለሻለሽ? ደረጃና ጀሪካን! ወይስ ያንን ሰውዬ ልታገቢ ነው?»

ከሰልፉ አንድ ሁለት ሰው ቀና አለ። የሺአረግ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«የቱን ሰውዬ?»

በስልኩ በኩል የሕፃኑ ልቅሶ ተሰማ። «ዘሃራ አልነገረችሽም እንዴ? በጥምቀት ሰሞን በዋትሳፕ ደወለችልኝ፤ ሽማግሌ ተልኬ ነው አለች። አቶ ገብረየስ የሚባሉ ሰው፣ ልጃቸው ትፍቀድልኝ ብለው... እማዬ፣ ደነገጥኩ! በዚህ ዕድሜሽ! እምቢ ብላለች በያቸው አልኳት።»

እምቢ ብላለች።

የሺአረግ ባንኮኒውን ተደገፈች። ለካስ ሰውየው መነፅሩን ደጋግሞ የጠረገው ለዚህ ነው። ለካስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ዝም ሲል እምቢ ያለችውን ሴት ጀሪካን ነበር የተሸከመው፤ ያውም አንድ ቀን ሳይቀር፣ አንድ ቃል ሳይናገር። ይኼ አጣዳፊ ትኬትም የመጣው በእሱ ጥያቄ ሰበብ ነው። ለካስ ሁሉም ያውቃል። የታጨችው ሴት ብቻ ናት ያልሰማችው።

«ሀይሚ» አለች። ድምፏ ከፍ አላለም፤ መጮህ የደከማት ሴት ድምፅ ነው። «እምቢ ያለው ማን ነው? እኔ ተጠይቄያለሁ?»

«አልተጠየቅሽም።» ሀይሚ አለቀሰች። «ፈራሁ። የምትመጪልኝ አልመሰለኝም። ብቻዬን ነኝ እኮ፣ እማዬ።»

ይቺኛዋ እውነት ናት፤ የሺአረግ የልጇን ልቅሶ ከሐሰቱ ለይታ ታውቃለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ስሚኝ ልጄ። እመጣለሁ። ልጅሽን አዝዬ አስተኛልሻለሁ፣ አንቺም ትተኛለሽ። ግን ደርሶ መልስ ቁረጪልኝ፤ የምትሰርዢውን አይደለም፣ እውነተኛውን። የሰው አገር በር ላይ ቆሜ የማልመለሰውን እመለሳለሁ አልልም። መስቀል ካልኩ መስቀል ነው። ዛሬ ግን አልሄድም።»

ስልኩን ዘጋች። የባንኮኒዋ ልጅ ፓስፖርቷን ይዛ አፏን ከፍታ ታያታለች። «እማማ፣ ታዲያ አሁን ምን ላድርግልዎ?»

የሺአረግ እጇን ዘርግታ ፓስፖርቷን ተቀበለች። «ወራጅ አለ!» አለች፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጋሪዋን አዙራ ወጣች።

*

ዘሃራ ሻይ ፍለጋ ሄዳለች። ገብረየስ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግንብ ላይ፣ ካፊያው ኮቱ ላይ እየወረደ ተቀምጧል። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሊያይ ነው እንግዲህ፤ ከዚያ ግንብ ደግሞ ምንም አይታይም። ጋሪውን እየገፋች ስትመጣ ሲያያት ተነሣ። ሮጦ አልመጣም፤ ሁለቱም የመሮጥ ጉልበት የላቸውም።

«ምን ረሱ?»

«አንተን።»

ቀይ ሆነ፣ ደግሞ ነጣ። ሸበቶ ሰው እንደዚህ ሲሆን አይታ አታውቅም። አጠገቡ ግንቡ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች።

«ዘሃራን ሽማግሌ አድርገህ በስልክ ልከሃል። ወደ ልጄ።»

«ሥርዓት ነው ብዬ... ሴት ልጅ ከቤተሰብ ነው የምትጠየቀው። እርስዎ ወላጅ የለዎትም፣ ታላቅም የለዎትም፤ ያለችዎት ሀይሚ ናት። እርስዎን ፊት ለፊት ደፍሬ...»

«በአናቴ ላይ ያልደፈረ ማን አለና! አንድ አንተ ነበርክ ያልደፈርከኝ። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ምን ይላሉ ትለኝ የለ?»

ገብረየስ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አሻሸው። «እምቢ ብላለች ሲሉኝ የእርስዎ ቃል መስሎኝ ነው። እምቢ ያለችን ሴት ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው። ዝም ብዬ ውሃዋን ላውጣላት አልኩ።»

ሻንጣ የሚገፋ ሰው በፊታቸው አለፈ፣ ሌላም አለፈ። እጇ ግንቡ ላይ ነበር። የእሱም መጣና አጠገቡ አረፈ፤ አልነካትም። እሷም እጇን በነጠላዋ አልሸፈነችም።

«ቅድም ግቢ ብለኸኛል» አለች።

«አመለጠኝ።»

«መልሰህ እንዳትሰበስበው።»

«እሺ... የሺአረግ።» ስሟን ያለ ወይዘሮ ሲጠራው አፉን እንደሚፈታ ልጅ ተንተባተበ። «ቆጵሮስስ?»

«እሄዳለሁ። ደርሶ መልስ ሲመጣ፣ አንተው እስከ መጨረሻው መስመር ታነብልኛለህ። መስቀል ላይ እዚህ ግንብ ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቀኛለህ። ልጄንም አልተውም፣ ቤቴንም አልተውም።»

«እኔስ?»

«አንተ ገና አልጠየቅኸኝም! ስማ። ሽማግሌ ካሰኘህ ላክ፤ ግን ወደ ልጄ አይደለም፣ በዋትሳፕም አይደለም። ወደ እኔ ላክ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰው፣ ጉልበት ያላቸው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ይውጡ። በሬን ያንኳኩ። ሥርዓቱ በሚያዘው ቆመው፣ የሺአረግን ለገብረየስ ትሰጭናለሽ ወይ ብለው የሺአረግን ራሷን ይጠይቁ።»

ገብረየስ ዓይኑ እርጥብ ሆነ፤ ዝናቡ ይሁን ሌላ አልታወቀም። «እምቢ ቢባሉስ?» አለ።

«እሱን እሁድ ይሰሙታል» አለች የሺአረግ፤ እጇን ለመነሣት ዘረጋችለት። «አሁን ሻንጣውን ያዝና አንሣኝ። ደክሞኛል።»